ስልሳ ምስክር

ጥቅምት 6፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ሚስቴ ናት። ስጦታ እንዳይመስላችሁ። «ስለ ሰርቨሩ ማውራት ሲያምርህ እዚህ ላይ ጻፈው፤ እራት ላይ ግን እንዳትነግረኝ» ብላ ነው። እሺ። ደብተር ቢያንስ አያዛጋም።

እንግዲህ ለደብተሩ ከመጀመሪያው ልንገረው። የምሠራው የበርና የመስኮት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ፋብሪካው የሚስቴ አባት ንብረት ነው። ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። የእኔ ሥራ የንድፍ ክፍሉን ኮምፒውተሮች መጠበቅ ነው፤ ዋናው ደግሞ ሰርቨሩ። አባባ ዕድሜ ልካቸውን የነደፉት በር ሁሉ እሱ ላይ ነው ያለው። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም ተነስቶ የሁሉንም ፋይል ቅጂ ሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። ለያንዳንዱ ቀን አንድ ፎልደር አለኝ፣ በጠቅላላው ስልሳ። የፈለጋችሁትን ብትከፍቱ የዚያን ቀን ፋብሪካ እንዳለ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ።

አሁን የሚጥመው ቦታ መጣ። ከትናንት ያልተለወጠን ፋይል እንደገና አልገለብጥም። ለዚያው ፋይል በዛሬው ፎልደር ውስጥ ሌላ ስም ብቻ እሰጠዋለሁ። ሃርድ ሊንክ ይባላል። አባባን ሚስቴ «አባዬ» ትላቸዋለች፣ ሠራተኛው «አባባ»፣ ደንበኛው «ጋሽ በሩ»፤ ሰውየው ግን አንድ ናቸው፣ የሚቀመጡትም አንድ ወንበር ላይ ነው። ስለዚህ ስልሳ ፎልደር የአንድ ፎልደር ያህል ቦታ ብቻ ይይዛል። ሚስቴ ያዛጋችው እዚህ ጋ ስደርስ ነው።

ታዲያ ዲስኩ ለምን ይሞላል? አርብ ስልሳ አራት በመቶ ነበር። ዛሬ ሰባ አንድ።

ጥቅምት 7፣ ማክሰኞ

ሰባ አራት። ማንም አዲስ በር አልነደፈም። የንድፍ ፋይሎቹ ሁሉ ግን እንደ አዲስ ተገልብጠዋል። አልገባኝም።

ጥቅምት 9፣ ሐሙስ

ሰማንያ አንድ።

የሰርቨሩ ሰዓት ተበላሽቶ ነው ብዬ አየሁት፣ ልክ ነው። ገመዱን ቀየርኩ። የአናጢዎቹ አለቃ የእትዬ ሬዲዮ ከሰርቨሩ ክፍል ግድግዳ ጋር የተያያዘ ስለሆነ «ይሄ ነገር ይረብሸዋል» ብዬ እንዲነቅሉት ጠየቅኋቸው። «አንተን ነው ወይስ እሱን?» አሉኝ። አልነቀሉትም።

ጋሼንም አየሁት። ጋሼ የሚስቴ ታላቅ ወንድም ነው፣ የሽያጭ ኃላፊ። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፣ ደብተር ላይ ግን አልጨነቅም። አባባ ቢሮ ውስጥ ሜትር ይዞ ግድግዳ ይለካል። ምነው ስለው «ለመጋረጃ ነው» አለኝ። የአባባ ቢሮ መስኮት የለውም። የመስኮት ፋብሪካ ባለቤት ናቸው፣ ግን ትዝ ብሏቸው አያውቅም።

ጥቅምት 13፣ ሰኞ

ዘጠና። ግን ያዝኩት! የንድፍ ፋይሎቹ ሁሉ የሚለወጡት ጠዋት ከሁለት ሰዓት እስከ አምስት ተኩል ባለው ጊዜ ነው፣ አንድ በአንድ፣ ተራ ጠብቀው። የሚለወጡትም ከአንድ ኮምፒውተር ነው። ከአባባ ኮምፒውተር። ጋሼ ነው ከወር በፊት «ይዝናኑበት» ብሎ ያስገባላቸው።

ጥቅምት 14፣ ማክሰኞ

ኪቦርድ የማጸዳ መስዬ ገባሁ። አባባ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ስክሪኑ ላይ አፍጥጠዋል።

«ምን እየሠሩ ነው አባባ?»

«በሮቹን እያየሁ ነው።»

አንዱን ንድፍ ይከፍታሉ። ከላይ እስከ ታች ያዩታል። ይዘጉታል። ኮምፒውተሩ «ሴቭ ይደረግ?» ብሎ ይጠይቃል። «አዎ» ይሉታል፣ በአፋቸውም ጭምር። ከዚያ ቀጣዩን።

«በየቀኑ ሁሉንም ያያሉ እንዴ?»

«በር ብዙ ጊዜ ሳይከፈት ከቆየ ማጠፊያው ይይዛል። አንተም ብትሆን እዚህ ውስጥ አስገብተህ ቆልፈህባቸው ሄድክ። ማን ይከፍታቸዋል?»

«ሴቭ ሲላችሁ... ማለቴ ሲልዎት ግን፣ የግድ አዎ ማለት...»

«ታዲያ ልቆጣው? በትህትና ነው እኮ የሚጠይቀኝ።»

እዚህ ላይ «አባባ፣ እባክዎ አይንኩት» ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል ነው። ልጃቸውን የሰጡኝ ሰው ናቸው፤ በገዛ ፋብሪካቸው በገዛ በራቸው አይንኩ ልበላቸው? ኪቦርዱን አጸዳሁ። ንጹሕ ነበር።

ጥቅምት 17፣ አርብ

ዘጠና ስምንት። ሲጠየቁ «አዎ» የሚሉ ሰው መቶ ሊያደርሱት ሁለት ቀራቸው።

እሳቸውን ማስተካከል ካልቻልኩ ፕሮግራሙን አስተካክላለሁ ብዬ ተነሳሁ። ቀኑን ሙሉ ከወንበሬ አልተንቀሳቀስኩም። መጀመሪያ በይዘት አንድ የሆኑትን ቅጂዎች ሁሉ አዋሃድኩ፤ ሥጋቸው አንድ ሆኖ ስማቸው ብቻ ቀረ። ከዚያ አንድ ትንሽ ትእዛዝ ጨመርኩ፦ ከእንግዲህ አንድ ፋይል ሲነካ አዲስ ቅጂ አይሠራም፤ ያለው ቅጂ እዚያው ባለበት ይታደሳል። አለቀ። አባባ ቢፈልጉ በቀን አሥር ጊዜ «አዎ» ይበሉ።

ዲስኩ ከዘጠና ስምንት ወደ አሥራ ዘጠኝ ወረደ። ደረቴን ነፍቼ በአናጢዎቹ መሐል አለፍኩ። ማንም ምክንያቱን አልጠየቀኝም።

ጥቅምት 20፣ ሰኞ

አሥራ ዘጠኝ።

ጥቅምት 24፣ አርብ

አሥራ ዘጠኝ! ነጥብ እንኳ አልጨመረም።

ጥቅምት 27፣ ሰኞ

አሥራ ዘጠኝ። ዛሬ አላስቻለኝም፣ እራት ላይ ነገርኳት።

«ምንም አልጨመረም?» አለች።

«ምንም።»

«አባዬ በየቀኑ እየነካካው?»

«በየቀኑ እየነካካው።»

ትንሽ አኘከችና «ታዲያ የትናንቱ የት ነው የተቀመጠው?» አለች። ሳቅሁ። ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት የምታድል ሴት የዲስክ ነገር እንዲገባት አልጠብቅም። «ይሄ ትንሽ ቴክኒካል ነው» አልኳት። «እሺ» ብላ ሳህኑን አነሳች። ሳህኔ ላይ ገና ምግብ ነበረበት።

ኅዳር 4፣ ሰኞ

ጉድ ፈላ።

የትምህርት ቤቱን ሥራ እስካሁን አልጻፍኩም። አርባ ሁለት የመማሪያ ክፍል በር ነው። አባባ ራሳቸው ነድፈው ራሳቸው ፈርመውበታል። ዛሬ ርዕሰ መምህሯ ሥራውን ልታይ መጣች። እትዬ አሥራ አንድ በር ከነመቃኑ ገጥመው ግድግዳው ጥግ ደርድረዋል። ሴትየዋ አንዱን ገፋች፣ ወደ ውስጥ ተከፈተ። «እኛ ያዘዝነው ወደ ውጭ የሚከፈት ነው» አለች። «ልጆች ሲሯሯጡ በሩ ላይ ተደራርበው እንዳይቀሩ።»

አባባ «ወደ ውጭ ነው የነደፍኩት» አሉ። እትዬ ወረቀቱን አመጡ። ወደ ውስጥ። ኮምፒውተሩ ላይ ከፈትን። ወደ ውስጥ።

እዚህ ጋ የኔ ሰዓት መጣ። «ምንም ችግር የለም» አልኩ፣ አፌን ሞልቼ። «የስልሳ ቀን ቅጂ አለኝ። ማን መቼ እንደቀየረው አሁን እናያለን።» ሁሉም ከኋላዬ ተሰበሰቡ። ጋሼ ሳይቀር። የትናንቱን ከፈትኩ፣ ወደ ውስጥ። የዛሬ ሳምንቱን፣ ወደ ውስጥ። የዛሬ ወሩን። የመስከረሙን። ሁሉም ወደ ውስጥ፣ አንዱም አልዛነፈም። ቅጂዎቼ እንዲህ እርስ በርስ ሲስማሙ በማየቴ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

«ስልሳውም?» አሉ አባባ።

«ስልሳውም አባባ።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። እትዬ «ግን እኮ በነሐሴ የሰጠናቸው ናሙና ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው» አሉ። አባባ መነጽራቸውን አወለቁ። «ናሙናውን የሠራው እጄ ነው» አሉ። «ንድፉን የሠራው ጭንቅላቴ ነው።»

ኅዳር 5፣ ማክሰኞ

አሥራ ዘጠኝ በመቶ። አባባ ዛሬ አንድም በር አልከፈቱም።

ጋሼ በስልክ «ኧረ ማረፍ አለባቸው፣ ስልሳ ጊዜ እኮ ነው የተረጋገጠው» ሲል ሰማሁ። ስልሳ ጊዜ ያለው ከኔ ወስዶ ነው።

ኅዳር 6፣ ረቡዕ

ቤታቸው ሄድን። አባባ ለሚስቴ የጎረቤቶቹን የስልክ ቁጥር በቃላቸው ይነግሯታል፣ እሷ ከስልኳ ላይ ታያለች። ዘጠኙን ልክ አሉ። አሥረኛው ላይ አንድ አኃዝ ሳቱ። ሚስቴ «ልክ ነው አባዬ» አለቻቸው። እሳቸው ግን እንደሳቱ አወቁ።

ሰኞ የፋብሪካውን ቁልፍ ለጋሼ ሊያስረክቡ ወስነዋል። ቤተሰቡም የአናጢዎቹ አለቃም ባለበት። ሚስቴ መኪና ውስጥ እስክንደርስ ጠበቀችና አለቀሰች። እኔ «ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል» አልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ።

ኅዳር 7፣ ሐሙስ

አንድ ነገር። የመስከረሙን ቅጂ ዝም ብዬ ሳየው፣ «ለመጨረሻ ጊዜ የተለወጠው፦ ኅዳር 4፣ ጠዋት» ይላል። የመስከረም ፎልደር ውስጥ ያለ ፋይል ያለፈው ሰኞ ተለወጠ ይላል።

የሰርቨሩ ሰዓት ተበላሽቶ መሆን አለበት። በጥቅምት አይቼው ደህና ነበር። ግን ሰዓት መቼም ይበላሻል።

ሥራ በዝቶብኛል። ሌላ ቀን አየዋለሁ።

ኅዳር 8፣ አርብ

ሌላ ቀን ዛሬ ሆነ። የፋብሪካው የስልክ ዝርዝር የሚባል አሮጌ ፋይል አለ፣ ሰርቨሩ ላይ ለዓመታት ማንም ያልነካው። መጨረሻው ላይ «ሙከራ» ብዬ ጻፍኩ። ፕሮግራሙን አስነሳሁ። የመስከረሙን ፎልደር ከፈትኩ።

«ሙከራ» ይላል።

የጥቅምቱም «ሙከራ»። የትናንቱም።

አዋሃድኳቸው እኮ። በራሴ እጅ። ስልሳ ስም፣ አንድ ሥጋ። ከዚያ ደግሞ «እዚያው ባለበት ይታደስ» ብዬ አዘዝኩ። አባባ አንዱን ቀን «አዎ» ሲሉ ስልሳውም ቀን አብሮ «አዎ» ይላል። ዲስኩ ያልጨመረው ጎበዝ ስለሆንኩ ሳይሆን የትናንቱን ስለጣልኩት ነው። ሚስቴ እያኘከች የገባት ለእኔ በሦስት ሳምንት ነው የገባኝ።

በሩን ማን ገለበጠው? እሱንም አገኘሁት። የንድፍ ፕሮግራሙ ላይ በር ተመርጦ ኪቦርዱ ላይ ያለውን ረጅሙን ቁልፍ ስትነኩ በሩ የሚከፈትበት አቅጣጫ ይገለበጣል። አባባ ሲያስቡ አውራ ጣታቸውን የሚያሳርፉት እዚያ ላይ ነው። የሳቸው ጭንቅላት ምንም አልሆነም። አውራ ጣታቸው ነው፣ እና እኔ።

ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ። ወይም ከሰኞ በኋላ፣ ነገሩ ሲበርድ። ደግሞስ ቢያርፉ ምን ይጎዳቸዋል? የሰባ አራት ዓመት ሰው ናቸው። ይህን አሁን የጻፍኩትን እሰርዘዋለሁ። አይ፣ አልሰርዘውም፤ ይኑርና ልፈርበት።

ኅዳር 9፣ ቅዳሜ

ልነግራቸው ሄድኩ። አፌን ስከፍት «ጫማዎ ያምራል» ወጣ። «አሮጌ ነው» አሉ። ከዚያ የመታጠቢያ ቤታቸው ቧንቧ ያንጠባጥብ ስለነበር እሱን ጠገንኩ። አሁን ከበፊቱ የባሰ ያንጠባጥባል።

እራት ላይ ሚስቴን «ስለ ሰርቨሩ ላውራሽ?» አልኳት። ፊቴን አየችና ማንኪያዋን አስቀመጠች። ሁሉንም ነገርኳት። አላዛጋችም። ስጨርስ «ይሄን መንገር ያለብህ ለእኔ አይደለም» አለች። ከዚያ ተነስታ ሌላ ክፍል ሄደች። ዛሬ የምተኛው ሶፋው ላይ ነው። የሶፋው አንድ ስፕሪንግ ዕድሜዬን ሁሉ የሚያውቀኝ ይመስል ጎኔን ይወጋኛል።

ኅዳር 11፣ ሰኞ

በዝርዝር ልጻፈው።

ሦስት ሰዓት ላይ በንድፍ ክፍሉ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። አባባ፣ ጋሼ፣ ሚስቴ፣ እትዬ፣ እኔ። ጋሼ ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ከኪሱ የሜትሩ ጫፍ ይታያል። አባባ የቁልፉን ጥቅል ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ሰው ሲያረጅ ራሱ ማወቅ አለበት» ብለው ጀመሩ። «እኔ ሳላውቅ ቀረሁ። የልጄ ባል ደግሞ ስልሳ ምስክር...»

ተነሳሁ። ጠረጴዛውን ያዝኩ።

«አባባ፣ ስልሳው ምስክር ውሸት ነው።»

ጋሼ «ተቀመጥ እንጂ አንተ» አለ። አልተቀመጥኩም። ሁሉንም ዘረገፍኩት፦ ማዋሃዴን፣ ትእዛዙን፣ ረጅሙን ቁልፍ፣ አርብ ማወቄን። አባባ ምንም አልገባቸውም። «አሳየኝ» አሉ።

የስልክ ዝርዝሩን ከፈትኩላቸው። «መጨረሻው ላይ የፈለጉትን ይጻፉ» አልኳቸው። በአንድ ጣት፣ ፊደል እየፈለጉ፣ ሁላችንም እያየን ጻፉ። «የልጄ ባል ሞኝ ነው።» «ሴቭ ይደረግ?» ሲላቸው «አዎ» አሉት።

ፕሮግራሙን አስነሳሁ። አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ያንን ዓረፍተ ነገር እያየን ተቀመጥን። እትዬ አንድ ጊዜ ሳል አስመስለው ሳቁ።

የመስከረሙን ከፈትኩ። «የልጄ ባል ሞኝ ነው።» አባባ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። «ይሄ የመስከረም ነው? ዛሬ አይደል የጻፍኩት?» «ዛሬ ነው አባባ።» «የሚቀጥለውን ክፈት።» ከፈትኩ፣ ጮክ ብለው አነበቡ። «የሚቀጥለውን።» አነበቡ። አሥራ አምስተኛው ላይ ጋሼ «ኧረ ይበቃል አባባ» አለ። «አይበቃም፣ ሁሉንም ልየው» አሉ። ስልሳውንም አስከፈቱኝ፣ ስልሳውንም አነበቡ።

«ስለዚህ ምስክሩ አንድ ነው» አሉ ሲጨርሱ።

«አንድ ነው። እሱም መጨረሻ የነገሩትን ነው የሚደግመው።»

«መጀመሪያ ስትገባ፣ ያኔ ኪቦርድ ስታጸዳ፣ አውቀህ ነበር?»

«በሮቹን እንደሚነካኩ አውቄ ነበር። አይንኩ ማለት አፍሬ ነው።»

ይስቃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሳቁም። «ሳምንት ሙሉ» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ሳምንት ሙሉ ጠዋት ስነሳ ዛሬ ምን ቀን ነው፣ ስሜ ማነው እያልኩ ራሴን ስጠይቅ ነበር። አርብ ካወቅህ አርብ ለምን አልመጣህም?»

ቅዳሜ ስለ ጫማቸው ማውራቴን ልናገር አልቻልኩም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ይቅርታ አባባ» ብቻ አልኩ። ሚስቴ እጇን ጀርባዬ ላይ አኖረች።

አባባ ቁልፉን አንስተው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ለእትዬ «ወረቀትና እርሳስ አምጪ፣ ትልቁን» አሏቸው። ጋሼ ምን ሊያደርግ? ሜትሩን አቀበላቸው። እስከ አሥር ሰዓት የትምህርት ቤቱን በር በእጃቸው እንደገና ነደፉት፣ ወደ ውጭ። ማታ ወደ አልጋዬ ተመልሻለሁ።

ኅዳር 13፣ ረቡዕ

ትእዛዙን ሰኞውኑ አወጣሁት። ቅጂ አሁን እንደ ቅጂ ይሠራል፣ የተለወጠ ፋይል አዲስ ሥጋ ያገኛል፣ የትናንቱ በቦታው ይቀራል። ያለፈው ግን አልተመለሰም፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሦስት ቀን ብቻ ነው ያለኝ። አባባን «ይክፈቱ፣ ይዩ፣ ግን ሴቭ አያድርጉ» አልኳቸው። «ይሄው፣ ይቻላል እኮ» አሉኝ።

ሃያ ሦስት በመቶ። ይጨምር።

ኅዳር 18፣ ሰኞ

አሥራ አንዱ በር ተፈቶ እንደገና ተገጥሟል። ርዕሰ መምህሯ መጥታ አንድ በአንድ ገፋች። አባባ አብረዋት እየሄዱ ያወራሉ፣ ከሰርቨሩ ክፍል ይሰማኛል።

«ጭንቅላቴ የሄደ መስሎኝ ነበር፣ ያውቃሉ? ለካስ የልጄ ባል ነው። ስልሳ ቅጂ አለኝ ብሎ አንድ ነው ያለው! አንድ!» ሴትየዋ ሳቀች። ይህንኑ ቅዳሜ ለመስታወት አቅራቢው ነግረውታል። ትናንት ደግሞ ቤታቸው ለመጣ ቧንቧ ሠሪ። ዛሬ ጠዋት በስልክ ለማላውቀው ሰው፣ የተሳሳተ ቁጥር የደወለ ይመስለኛል። በተናገሩ ቁጥር እኔ ይበልጥ ሞኝ፣ እሳቸው ይበልጥ ወጣት ይሆናሉ። ድምፃቸው የድሮው ነው፣ ከመጋዙ በላይ ይሰማል።

ይንገሩ።